«አንቺ» የሚባለው ለማን ነው?

አማርኛ ላይ ብዙ ጊዜ ልብ የማንለው ነገር አለ። ክብር ሲመጣ ጾታ ይጠፋል።

«መጣ» እና «መጣች» ይለያያሉ። «መጡ» ግን ለሴትም ለወንድም አንድ ነው። «አንተ» እና «አንቺ» ይለያያሉ፤ «እርስዎ» አይለይም። በጎንደርና በወሎ የምንሰማው «አንቱ»ም ያው ነው። አንድ ሰው አንዴ አንቱ ከተባለ በኋላ፣ ሴት ይሁን ወንድ ከአነጋገሩ መለየት አይቻልም። ጾታችን የሚነገረው እኩያችን ወይም ከበላያችን ያለ ሰው ሲያናግረን ነው።

ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ሣህለወርቅ ዘውዴ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ ዜናው በሙሉ «እሳቸው» ነበር። ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ንግግር አደረጉ። በሴትነታቸው ታሪክ ሠሩ፤ ግሡ ግን ሴትነታቸውን አይናገርም። ያን ቀን ማታ ዜናውን ከፍተው በሚያዩ ብዙ ቤቶች ውስጥ ሌላ ሴት ነበረች። እራት የምታቀርብ። «ነይ»፣ «አምጪ»፣ «እስኪ ድምፁን ጨምሪው» የምትባል። ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ስለ ሴቶች መብት ሲደነግግ ሁለቱንም ማለቱ ነው። የሁለቱን ኑሮ ግን «የሴቶች ሁኔታ» ብሎ በአንድ ላይ መጠቅለል አይቻልም። ስለ ሴቶች እኩልነት ስናወራ ይህን ልዩነት እየዘለልነው ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

አንቺ መባል በራሱ ክፉ አይደለም። እናቴ አንቺ ትለኛለች። ጓደኞቼም እንደዚያው። ፍቅር አለበት፣ መቀራረብ አለበት። የሚያሳስበኝ በአንድ በኩል ብቻ የሚሄደው «አንቺ» ነው። አንዷ «አንቺ» ስትባል እየኖረች፣ መልሳ «እርስዎ» ማለት ያለባት። ዕድሜዋ ቢገፋም፣ ልጅ ብትወልድም፣ ፀጉሯ ቢሸብትም የማይቀየረው።

የማታ ትምህርት አስተምራለሁ። አማርኛ ነው የማስተምረው። ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። ከጋሞ፣ ከወላይታ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከአርሲ የመጡ አሉ። አንዳንዶቹ ደላላ ነው ያስቀጠራቸው። አንዳንዶቹን የአገራቸው ልጅ ወይም አክስት አምጥታ አስገብታቸዋለች። ሲቀጠሩ መጀመሪያ የሚጠየቁት «ተያዥ አለሽ?» ተብለው ነው። እነሱም በበኩላቸው የሚጠይቁት ነገር አለ፤ «ትምህርት ታስገቡኛላችሁ?» ይላሉ። ለዚህ ሲሉ ከደመወዛቸው የተቀነሰባቸው አሉ። ሳይከራከሩ ተስማምተው የገቡበት ነው።

ማታ 12 ሰዓት አልፎ እየሮጡ ይመጣሉ። እጃቸው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ወንበር ላይ ቁጭ ሲሉ ሰውነታቸው ይፈታል፤ እንቅልፍ የሚጥላቸው በዚያች ደቂቃ ነው። ስልካቸው ሲጠራ ስክሪኑ ላይ «እትዬ» የሚል ይበራል። ክፍሉ በሙሉ ዞር ይላል፤ ሁሉም ያንን ስም ስልኩ ላይ አለውና።

የአብዛኞቹ ስም ሁለት ነው። እኔ መዝገብ ላይ የምጠራው አለ። ቤት ውስጥ የሚጠሩበት ደግሞ ሌላ። ከደቡብ የመጣች አንዲት ተማሪዬ ስሟ በቋንቋዋ ትልቅ ትርጉም ያለው ነው፤ አያቷ ነበሩ ያወጡላት። በገባችበት ቤት ግን «ይሄ ለአፍ አይመችም» ተባለና ሌላ ስም ተሰጣት። ያንን ቤት ለቃ ወደ ሌላ ቤት ስትገባ የቤቱ ልጅ በአጋጣሚ በአዲሱ ስሟ ትጠራ ነበር። ስለዚህ እንደገና ተቀየረላት። ይህን ስትነግረኝ አልተማረረችም። የተለመደ ነገር እንደሆነ ነው የነገረችኝ። እኔን ግን እስካሁን ይከነክነኛል። አንድን ሰው ስሙን የሚቀይሩበት ሌላ ሥራ የቱ ነው? ባንክ ቤት ተቀጥሮ «ስምህ ለአፍ አይመችም» የተባለ ሰው አላውቅም።

የጎጃሟ ልጅ ደግሞ ስሟ አልተቀየረም። አማርኛ አፏን የፈታችበት ነው። ታዲያ እሷም አልዳነችም። አነጋገሯን የቤቱ ልጆች እየደገሙ ይስቁባታል። «ፋራ» ይሏታል። ከተማ ውስጥ ገጠሬነት ራሱን የቻለ ማንነት ነው። ከቋንቋም በላይ፣ ከብሔርም በላይ በአፍ ይለያል።

አንድ ማታ ስለ ቤተሰብ መጠሪያዎች እያስተማርኩ ነበር። እትዬ፣ ጋሼ፣ እታለም፣ አያ፣ እቴቴ፣ አባባ። እትዬ የሚባለው ለታላቅ እህት ነው፣ ጋሼ ለታላቅ ወንድም ነው፣ እያልኩ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ከኋላ የተቀመጠች፣ ዕድሜዋ 40ን ያለፈ ተማሪዬ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የእኔ እትዬ እኮ ከእኔ ታንሳለች» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ማውራት ጀመረ። ትምህርቱን ተውኩትና እያንዳንዷ በምትሠራበት ቤት ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ ሰሌዳ ላይ እንጻፍ አልኩ። ጠመኔውን እየተቀባበሉ ጻፉ። የቤቱ እመቤት እትዬ። ባልየው ጋሼ። የባልየው እናት እማማ ወይም እቴቴ። ልጆቹ በስማቸው፤ ከታቀፉ ሕፃናት ጀምሮ ደግሞ «ጌታዬ»ና «እመቤቴ» የሚባሉም አሉ። እሷስ? በስሟ፣ ወይም በተሰጣት ስም። የ6 ዓመት ልጅም፣ የ70 ዓመት አዛውንትም በዚያው ይጠሯታል። ስለ እሷ ሲወራ ደግሞ «ልጅቷ»። የ40 ዓመቷ ተማሪዬም «ልጅቷ» ናት። የእሷ ልጅ አገር ቤት አሥረኛ ክፍል ደርሷል።

ከዚያ አንዷ ሁላችንም ያላሰብነውን ነገር አነሳች። «ዘበኛውስ?» አለች።

እውነቷን ነው። ዘበኛው አለ። እሱም ከገጠር የመጣ ነው። እሱም ደሃ ነው፤ የሚያድረው በር ላይ በተሠራች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ደመወዙም የሚያወላዳ አይደለም። ግን የቤቱ ልጆች «ጋሽ እገሌ» ይሉታል። እትዬም «ጋሽ እገሌ፣ በሩን ይክፈቱልኝ» ትለዋለች። ዕድሜ ያለው ከሆነ «አባ» ይባላል። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ባይሆኑም ብዙዎቹ የሚሠሩበት ቤት እንደዚያ ነው። ዘበኛው በዕድሜው ይከበራል። ወጥ ቤት ያለችው ሴት በዕድሜዋ አትከበርም።

ሰሌዳው ፊት ቆሜ ያየሁት ይህ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። እትዬ ሴት ናት፣ ትከበራለች። ዘበኛው ደሃ ነው፣ ይከበራል። ወጥ ቤት ያለችው ሴትም ናት፣ ደሃም ናት። ለእሷ ግን አንዱም ክብር አልደረሳትም። «ሴት ስለሆነች ነው» ብንል፣ እትዬን ተመልከቱ ይሉናል። «ደሃ ስለሆነች ነው» ብንል፣ ጋሽ እገሌን ተመልከቱ ይሉናል። በሁለቱም በኩል መልስ የሚሰጥ አለ፤ እሷ ግን ሁለቱም መልስ ውስጥ የለችም።

ይህ ጉዳይ በሌላ አገር ፍርድ ቤት ቀርቦ ያውቃል። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት አምስት ጥቁር ሴቶች ጀነራል ሞተርስን ከሰሱ፤ ፍርዱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ኩባንያው ከ1964 በፊት ጥቁር ሴቶችን አልቀጠረም ነበር። በኋላ ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ሠራተኛ የተቀነሰው በአገልግሎት ዘመን ነው፤ የመጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል። ዘግይተው የተቀጠሩት ጥቁር ሴቶች ሥራቸውን አጡ። ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ኩባንያው ሴቶችን ሲቀጥር ኖሯል፣ ስለዚህ የጾታ መድልዎ የለም አለ። እነዚያ ሴቶች ነጮች ነበሩ፣ የቢሮ ሥራ የሚሠሩ። የዘሩን ጉዳይ ደግሞ በዚያው ኩባንያ ላይ ከቀረበ ሌላ የዘር መድልዎ ክስ ጋር አጣምሩት አላቸው። ፋብሪካው ውስጥ ጥቁር ወንዶች ነበሩ። ሴትነትንና ጥቁርነትን አንድ ላይ አድርጎ መክሰስ አይቻልም ተባለ። ከሳሾቹ ግን ሁለቱንም በአንድ አካል ይዘው ነው የሚኖሩት።

የሕግ ምሁሯ ኪምበርሌ ክሬንሾ እ.ኤ.አ. በ1989 ይህን ክስ አንስተው ጻፉ። ዛሬ ተደራራቢ ማንነት እያልን የምንጠራው አስተሳሰብ ስሙን ያገኘው በዚያ ጽሑፍ ነው። ነገሩን ብዙ ሰው ከውጭ የመጣ ፋሽን አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን የማታ ተማሪዎቼ ክሬንሾን ሳያነቡ ያንኑ ነገር በጠመኔ ጽፈውት አይቻለሁ። ፋብሪካውን በግቢ፣ የቢሮዋን ነጭ ሴት በእትዬ፣ ጥቁሩን ወንድ በዘበኛው ተኩና እዩት።

አሁን ወደ አንድ የታወቀ አባባል ልምጣ። «እኛ እንደ ልጃችን ነው የምናያት።» ይህን ያልሰማ የለም። ብዙ ሰው ከልቡ ነው የሚለው። ስትታመም የሚያሳክሙ፣ ስታገባ የሚድሩ፣ አልቅሰው የሚሸኙ ቤተሰቦች አሉ፤ አውቃቸዋለሁ፣ አከብራቸዋለሁም። ግን ይህ አባባል የሚሠራው ሥራ አለ። እንደ ልጅ የምትታይ ሰው ደመወዝ ጨምሩልኝ ስትል ውለታ ቢስ ትሆናለች። የሥራ ሰዓት የላትም፤ ልጅ ለቤቷ ሰዓት ትቆጥራለች ወይ? ዕረፍት ብትጠይቅ «የት ልትሄጂ ነው?» ትባላለች። ይህ ጥያቄ የአሠሪ አይደለም፣ የወላጅ ነው። ለዘበኛው «የት ልትሄድ ነው?» የሚለው የለም። እሱ ተረኛ አለው። ሰዓቱ ሲደርስ ይወጣል።

ሕጉም ከዚህ አባባል ብዙም አልራቀም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር የቤት ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች አሉት። አሠሪው ስለ መኝታዋ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ ሥራና ዕረፍት ጊዜዋ ሲወስን ጤንነቷንና ሥነ ምግባሯን እንዲጠብቅ ያዛል። ቅን ሐሳብ ነው፤ ግን የአሳዳጊ ቋንቋ ነው። ስንት ሰዓት እንደምትሠራ አይናገርም። የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የግል አገልግሎት ሥራን የሚመለከት ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ይወጣል አለ። አሁን የምንሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ያንኑ ደገመው። በሁለቱ አዋጆች መካከል 15 ዓመት አለፈ፤ ደንቡ ግን አልወጣም። በነዚያ 15 ዓመታት የወለደች ተማሪ አለችኝ፤ ልጇም አድጎ ሊቀጠር ደርሷል።

«ሠራተኛ» የሚለውን ቃል ራሱን እዩት። የባንክ ሠራተኛ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሲባል መብት ይከተለዋል፤ ማኅበር አለ፣ ጡረታ አለ። «ሠራተኛዬ» ሲባል ግን ይህ ሁሉ ይቀራል። ድሮ «ገረድ» ይባል ነበር። ከዚያ «ሠራተኛ» ሆነ። አሁን ደግሞ «የቤት ረዳት» የሚሉ እየበዙ ነው። ለውጡን አልንቅም፤ ገረድ መባል ያቆሰላቸው ሴቶች አሉ። ግን ስሙ ሁለቴ ሲቀየር እሑድ ከሰዓት አሁንም የእሷ አልሆነም።

ስለ ተደራራቢ ማንነት ሲወራ ብዙ ሰው እንደ ሸክም ይቆጥረዋል። ሴትነት አንድ፣ ድህነት ሁለት፣ አካል ጉዳት ሦስት፣ ተደምሮ ይከብዳል ይባላል። ነገሩ ግን ሁልጊዜ ድምር አይደለም። የሕግ ባለሙያዋንና የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቿን የትነበርሽ ንጉሤን ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ2017 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። ዓይናቸውን ያጡት የ5 ዓመት ልጅ ሳሉ ነው፤ የተወለዱትም ልጃገረዶች ገና በልጅነታቸው በሚዳሩበት አካባቢ ነው። ዓይነ ስውርነታቸው ከልጅነት ጋብቻ እንዳዳናቸውና ወደ ትምህርት እንዲሄዱ እንዳደረጋቸው ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። «ለትዳር አትሆንም» ተብለው ነው የተረፉት።

ይህን ታሪክ ስሰማ ሁለት ነገር ተሰማኝ። አንደኛ፣ ዓይን ያላት እኩያቸው ምን ይገጥማት እንደነበር። ሙሉ አካል ያላት ልጅ የተባለችው «ደረሰች» ነው፤ ስለዚህ ተዳረች። ሁለተኛ፣ ሰው የሚናቅበት ቃል አንዳንዴ ባልታሰበ በኩል በር ይከፍታል። ግን በሩ ለሁሉም አልተከፈተም። የትነበርሽ ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገቡ። ያን ዕድል ያላገኘችዋ ዓይነ ስውር ልጅ «ለትዳር አትሆንም» ተብላ ቤት ቀረች። አንድ ዓይነት ቃል ነው፤ ሁለት ዓይነት ዕጣ።

የአፍ ነገር ሲነሳ ተረትና ምሳሌው አይቀርም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።» «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል።» እነዚህን ዘርዝሮ መቆጣት ቀላል ነው፤ ብዙ ተጽፎባቸዋልም። እኔ የማተኩረው ለየትኛዋ ሴት እንደሚነገሩ ነው። የመጀመሪያውን የምሰማው ቢሮ ውስጥ ነው፣ የመምሪያ ኃላፊ ሆና ለተሾመች ሴት፣ በሌለችበት። ሁለተኛውን የምሰማው ስለ ገጠር ሴት ሲወራ ነው። አንዷን እውቀቷን ይክዷታል። ሌላዋን ሕመሟን። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል በጥናቱ ከተጠቀሱት ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ። ወንዶቹ 28 በመቶ። ሴቶቹ በለጡ። ይህን ቁጥር ይዘው «ሴቶች ራሳቸው እኮ ናቸው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ቁጥሩን የማነበው በሌላ መንገድ ነው። ከልጅነት ጀምሮ «ቻይው» ስትባል ያደገች ሴት፣ መጠይቅ ይዞ ለመጣ እንግዳ ሰው ሌላ ምን ትመልሳለች?

ማሞገሻችንም እንደዚያው ነው። ጎበዝ ሴት «ወንድ ናት» ትባላለች። ወንድ ልጅን ማዋረድ የፈለገ ደግሞ «አንቺ» ይለዋል። አባቶች ሴት ልጃቸውን ሲያቆላምጡ «አንተ» ይላሉ፣ ከፍቅር ነው። ፍቅሩ ግን ከፍ ማድረግ ሲፈልግ ወዴት እንደሚወጣ እዩ። እዚህ ላይ እትዬና ሠራተኛዋ አንድ ናቸው። ሁለቱም ምስጋናቸው በተውሶ ነው። ይህን የምለው ልዩነታቸውን ለማሳነስ አይደለም። የሚጋሩት ነገር እንዳለ ካልተናገርን፣ የሚለያያቸውን ብቻ ቆጥረን መቅረታችን ነው።

ከተማሪዎቼ ከፊሎቹ አረብ አገር ነበሩ። ቤይሩት፣ ጅዳ፣ ኩዌት። ካፋላ የሚባለውን አሠራር ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቪዛሽ የአሠሪሽ ነው፤ ቤቱን ለቀሽ ስትወጪ ሕገ ወጥ ነሽ። ጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ አረብ አገራት ለሥራ መሄድን አገደ። ከዚያ ወዲያው ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀ እንዲሆን ጠየቀ። ዓላማው ጥበቃ ነበር። ግን በልጅነቷ ከትምህርት የቀረችው የገጠሯ ሴት በር ተዘጋባት። በጎን የሚወስደው ደላላ ደግሞ የክፍል ደረጃ አይጠይቅም ነበር። ያኔ ከማታ ተማሪዎቼ ብዙዎቹ የመጡት ለዚያች 8ኛ ክፍል ነበር። ትምህርት ቤቱ ለእነሱ የመውጫ ሰነድ ነበር። ይህን ሳውቅ መጀመሪያ አዘንኩ። አሁን ግን ቢያንስ አንብበው የሚፈርሙትን አውቀው ይሂዱ እላለሁ።

ወደዚህ ያመጣኝ ሌላ ነገር ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ሰው ምን ይባላል? ዲያስፖራ። ከቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርታ፣ እህት ወንድሞቿን አስተምራ፣ ለእናቷ ቤት ቆርቆሮ አልብሳ የመጣችዋስ? «አረብ አገር የነበረች»። ሁለቱም ዶላር ልከዋል። ሁለቱም ተሰደዋል። የመጀመሪያው ቃል ሲነገር ሰው ስለ መሬትና ስለ ኢንቨስትመንት ያስባል። ሁለተኛው ሲነገር ሰው ፊቱ ላይ ጥያቄ ይመጣል። «ምን ሆና መጣች?» ይላል። አንዷ ተማሪዬ ለትዳር የጠየቃት ሰው ቤተሰቦች ዘንድ ስትቀርብ ይህን አልናገርም ብላ ወሰነች። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሕይወት ታሪኳ ወጣ። እዚያ በነበረችበት ጊዜም ስሟ ሌላ ነበር፤ ፓስፖርቷ ላይ የሙስሊም ስም ነው የነበራት፣ ደላላው ያወጣላት።

እንዲህ ያለውን ነገር ስጽፍ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ያነሱብኛል። ቃል ምን ያደርጋል? የሚያስፈልጋት ደመወዝ ነው፣ ሕግ ነው፣ እንጀራ ነው ይላሉ። ትክክል ናቸው። አንድን ሴት እርስዎ ብሎ 18 ሰዓት ማሠራት ይቻላል። ግን ነገሩን ከሌላ በኩልም እዩት። ደመወዝ ለመጨመር መጀመሪያ መጠየቅ አለባት። ለመጠየቅ አፏን መክፈት አለባት። «አንቺ» እየተባለች «እርስዎ» እያለች፣ በተሰጣት ስም እየተጠራች፣ «እንደ ልጃችን ናት» እየተባለላት ያንን ዓረፍተ ነገር ከየት ትጀምረዋለች? «እትዬ፣ ደመወዜን...» ብላ ስትጀምር፣ ገና የመጀመሪያው ቃል ታናሽ እህት ያደርጋታል። በዕድሜ የምትበልጣትን ሴት።

ሌላም አለ፣ ይህ ደግሞ ብዙ የማይነገር። እንደ እኔ ያለች የተማረች ሴት ማታ ወጥታ ማስተማር የምትችለው፣ ስብሰባ የምትገባው፣ የምትሾመው፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሴት ስላለች ነው። ባሎች ወጥ ቤት ስለገቡ አይደለም። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ ትልቅ ድል ነበር። እንጀራው ግን አሁንም ያው በሴት እጅ ይጋገራል፣ የሴቲቱ ማንነት ብቻ ተቀየረ። ስለ ሴቶች መብት ስንሰበሰብ ሻይ የምታቀርበዋ ሴት ስብሰባው ስለ እሷም እንደሆነ ካልተሰማት፣ አጀንዳችን ጎድሏል።

ተማሪዎቼን ምን ተብላችሁ መጠራት ትፈልጋላችሁ ብዬ ጠየቅኋቸው። «እርስዎ» እንባል ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አንዷም አላለችም። ወጣቶቹ «በስማችን፣ በራሳችን ስም» አሉ። የ40 ዓመቷ ተማሪዬ ግን አልተስማማችም። «ልጆቹ በስሜ ባይጠሩኝ ደስ ይለኛል። እቴቴ ቢሉኝ። ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ» አለች። ሌላዋ ቆጣ ብላ «እቴቴ ካሉሽማ ደመወዝ ጨምሩልኝ ማለት አትችዪም፣ ዘመድ ሆንሽ ማለት ነው» አለቻት። ክርክሩ ደወል እስኪደወል አላቆመም። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ማናቸውም አሸነፉ ብዬ መፍረድ አልቻልኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ደብዳቤና ስለ ውል አጻጻፍ ነበር ትምህርቱ። የሥራ ውል እንጻፍ አልኳቸው። ሰሌዳው ላይ «አሠሪ» እና «ሠራተኛ» ብለን ጀመርን። ከሥሩ ሙሉ ስም፣ ከነአባትና ከነአያት። ከዚያ ደመወዝና የሚከፈልበት ቀን። የሥራ ሰዓት ላይ ረጅም ጭቅጭቅ ነበር፤ አንዳንዶቹ ሕፃን የሚያሳድጉ ናቸው፣ ሕፃን ሌሊት ይነሳል። በመጨረሻ ከማታ 3 ሰዓት በኋላ ከሕፃን በቀር ለሌላ ነገር አለመጠራት የሚለው ተጻፈ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነፃ፣ የት እንደምትሄድ ሳትጠየቅ። ይህን የመጨረሻውን ሐረግ ያስጨመረችው ዝምተኛዋ የወላይታ ልጅ ናት።

ሁሉም በደብተራቸው ገለበጡት። ለአሠሪዎቻቸው ያሳዩት ጥቂቶች ናቸው። ከእነሱ አንዷ እሑድ ከሰዓትን አግኝታለች። ደመወዙ ላይ ገና እየተነጋገሩ ነው።